ባለ ስለቷ

የሚገባውን ሁሉ የሚያነበው የፋብሪካው በር መስታወት ሰው ከመምጣቱ በፊት መወልወል አለበት። የጣት አሻራ ወይም የትንፋሽ ጉም ካገኘ ሰውየውን ትቶ ጉሙን ያነባል፤ ሰልፉ ይቆማል፤ የፈረቃ ኃላፊው ይቆጣል። ስለዚህ ጽዳት ሠራተኞቹ ጦይባና አጸደ ጎህ ሳይቀድ ከሰፈር ተያይዘው ይወጣሉ፤ ቦርከና ወንዝ የተደፈነበትን ሲሚንቶ ተሻግረው ፋብሪካው በር ይደርሳሉ፤ አንዷ ከላይ አንዷ ከታች ሆነው መስታወቱን ያሹታል። ሲጨርሱ ጨርቃቸውን አጥፈው እነሱም ተራቸውን ይቆማሉ። መስታወቱ ወልዋዮቹንም ያነባል።

ሠራተኛው «አለቃ» ይለዋል። አለቃ ዛሬ እንዴት አደረ፣ አለቃ ዛሬ ማንን መለሰ ይባላል። አረንጓዴ ካበራ መግባት ነው። ቀይ ካበራ ከጎን ባለው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ ቀዩን ያመጣውን ነገር ማስተካከል ነው። ጦይባ ፊደል ከመቁጠሯ በፊት በቀለሙ ብቻ ትግባባ ነበር። የጎልማሶች ትምህርት ገብታ ማንበብ ከቻለች ወዲህ ግን ቀዩ አፍ አወጣ። «አስተካክይ» ይላል። አንዳንድ ቀን ማንበብ ባላወቅኩ ኖሮ ትላለች።

እሷ ልጅ ሳለች ጭቅጭቁ ሌላ ነበር። ሒጃብሽን አውልቂ፣ ማዕተብህን ሸሽግ፣ ጺምህን ተላጭ የሚል አሠሪ ነበረ። ሰው ተባረረ፤ ሰው ከሰሰ፤ ሰው ተፈረደለት። ከዓመታት በኋላ አሠሪዎቹ መከሰሱ ሰለቻቸውና የማንንም እምነት አንነካም አሉ። ሁሉም እምነቱን ያስመዝግብ፤ እንዳስመዘገበውም ሆኖ ይምጣ። ሙስሊም ነኝ ያለች ጸጉሯን ሸፍና፣ ኦርቶዶክስ ነኝ ያለ ማዕተቡን አውጥቶ፣ እምነት የለኝም ያለ ባዶ አንገቱን ይዞ። ያልተመዘገበ ምልክት ግን ሰውነት ላይ መታየት የለበትም፤ ይህን የሚያረጋግጠውም መስታወቱ ነው። ያኔ ብዙ ሰው እፎይ አለ። ጦይባም እፎይ ካሉት አንዷ ነበረች።

ሌላው ቀስ እያለ መጣ። መጀመሪያ ደወሉና አዛኑ ከአየር ላይ ወረዱ፤ ጥሪው በተመዘገበው ሰው ጆሮ ብቻ ይደርሳል ተባለ። ጦይባ በልጅነቷ ለሱብሒ የሚቀሰቅሳት የማርያም ደወል ነበር፤ ከአዛኑ ትንሽ ቀድሞ ይደወል ስለነበር ውሃ ለመቅዳት ጊዜ ይሰጣታል። አሁን አዛኑ ጆሮዋ ውስጥ ድንገት ይጀምርና ያስደነግጣታል። ቀጥሎ የምግብ ቤቱ ማሽን መጣ። ረቡዕና ዓርብ ለአጸደ ወተት አይሰጣትም። አጸደ ጨጓራዋን ያማታል፤ የንስሐ አባቷም ስለ ሕመሟ ፈቅደውላታል። ማሽኑ ግን የንስሐ አባቷን አያውቃቸውም። ስለዚህ ረቡዕና ዓርብ ጦይባ በራሷ መታወቂያ ወተት ትቀዳና ከጠረጴዛው ሥር ታቀብላታለች።

«ዛሬም በአንቺ እስልምና ጠጣሁ» ትላለች አጸደ አፏን እየጠረገች። «በመጨረሻው ቀን ማን ለማን እንደሚመሰክር እንጃ።»

«ዝም ብለሽ ጠጪ። ጣራው ላይ ያለው ካሜራ እያየሽ ነው።»

እንዲህ ነበር የሚኖሩት። ለምደውት ነበር።

የጦይባ ልጅ ሙሐባውም እዚያው ግቢ ይሠራል፤ እሱ ግን ከኋላ፣ የሚያነብ መስታወት በሌለበት ሜዳ ላይ ነው። ፋብሪካው የመድኃኒት ብልቃጥ ይሞላል፤ የተሰበረው ብልቃጥ እንደገና እንዲቀልጥ ሜዳው ላይ ይፈጫል። ወፍጮውን የሚቆጣጠሩት ልጆች አፍና አፍንጫቸውን ይሸፍናሉ፤ የመስታወቱ ብናኝ ግን መንገድ ያገኛል። ሙሐባው ማሳል ከጀመረ ቆይቷል። ሳሉ ደረቅ ነው፤ ምንም አይወጣውም። ጦይባ ከግድግዳው ማዶ ሲያስል ትነቃለች፤ ሳያስል ሲቀር ደግሞ እስኪያስል ጆሮዋን አቁማ ትጠብቃለች።

ክረምቱ ሲገባ አንድ ነገር ተገኘ። ሙሐባው ለነጩ ክፍል ተፈትኖ አለፈ። ነጩ ክፍል ብልቃጡ የሚሞላበት ነው፤ አየሩ ከተራራ አየር ይጠራል ይባላል። እዚያ የገባ ልጅ ሳሉ ይቆምለታል፤ ያዩ ሰዎች ነግረዋታል። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የነጩ ክፍል መስታወት ከወሩ መጨረሻ በፊት አረንጓዴ እንዲያበራለት። ሙሐባው በየቀኑ ሄዶ ይቆማል። በየቀኑ ቀይ ነው። መስታወቱ ከፊትም ከኋላም ያያል፤ ከማጅራቱ ላይ ያለውን አይቶታል።

ማጅራቱ ላይ ያለችው አንድ ዘለላ ጸጉር ናት። ጥቁር፣ የጠቋሚ ጣት የምታህል፣ ከተወለደ ጀምሮ ምላጭ ያልነካት። እናቱ ትጎነጉንለታለች፤ እሱ የሸሚዙ ኮሌታ ሥር ይሸሽጋታል። ቤት ውስጥ ስሟ «ስለቱ» ነው። ስለቱን ታጠብ፣ ስለቱ ተፈታ ይባላል።

ጦይባ ከሙሐባው በፊት የወለደቻቸው ስም ሳይወጣላቸው ነው የሄዱት። ልጅ አልበረክትላት አለ። ሙሐባውን ስትወልድ አራስ ሆና ደጋው ላይ ወዳለው የአያ ሱሩር መቃም ይዛው ወጣች፤ ያኔ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሊማጸን የሚወጣበት የቅዱስ ሰው መቃብር ነበር። አፈሩ ላይ አስተኛችውና፣ ይህን ልጅ ካቆዩልኝ፣ እሱ ወልዶ የልጅ ልጄን ይዤ እዚህ እስክወጣ ድረስ ይችን ዘለላ ምላጭ አይነካትም አለች። ልጁ ቆየ። ከሱ በኋላም ሌላ አልወለደችም። እንግዲህ ያላት እሱ ነው፤ እሱን ይዛ ያቆየችውም በዚያች ዘለላ እንደሆነ ታምናለች። ማመን ብቻ አይደለም፤ ማታ ማታ ስትጎነጉናት ጣቷ ውስጥ ይሰማታል።

ጦይባ ፈቃድ ፍለጋ ወጣች። መጀመሪያ ለሙስሊሞች ማረጋገጫ ወደሚሰጠው ቢሮ ሄደች። ጺሙን ያበጠረ ወጣት በትሕትና አስቀመጣት።

«እናቴ፣ ይሄ ከእኛ አይደለም» አላት። «የአገር ልማድ ነው። መቃም ላይ የተደረገ ስለት እኔ ባረጋግጥ ነገ እኔ እጠየቃለሁ።»

«አባቴ ሐጂ ነበሩ። እሳቸው ናቸው በበቅሎ ያወጡኝ።»

«አላህ ይማራቸው። ዘመኑ ሌላ ነበር።»

ቀጥላ አጸደ እየመራቻት ወደ ቤተ ክህነቱ ቢሮ ሄደች። እዚያ ያሉት ሽማግሌ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ እንደውም የአያ ሱሩርን መቃም ያውቁት ኖሯል፤ እናታቸው ይወጡ ነበር።

«ስለት አውቃለሁ ልጄ» አሉ። «አንቺን ግን በእኛ መዝገብ ላስገባሽ አልችልም። ሙስሊም ነሽ።»

«እኔን አያስገቡኝ፤ ጸጉሯን ብቻ።»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። ምንም ማድረግ አልቻሉም።

በመጨረሻ ወደ ፋብሪካው የእምነት ጉዳዮች ክፍል ሄደች። እዚያ ያለችው ቤዛዊት የምትባል የሙሐባው እኩያ ናት። እሷ ራሷ የተመዘገበችው እናቷ በምታመልክበት ጸሎት ቤት ነው፤ ጌጥ አይፈቅድም። የጆሮዋ ቀዳዳ ሊደፈን ምንም አልቀረውም። ጦይባ ገብታ ስትቀመጥ የሥራ ሰዓት እያለቀ ነበር፤ ቤዛዊትም ዓይኗ ደክሟል፤ ግን አልመለሰቻትም።

«እትዬ ጦይባ፣ አንድ መንገድ አለ» አለች። «የግል ሕሊና የሚባል። ማንም ማረጋገጥ አያስፈልገውም፤ ማሽኑ ይጠይቃል፣ እርስዎ ይመልሳሉ። ግን አንዴ የተሰጠ መልስ አይቀየርም፤ አስበው ይናገሩ።»

«እሺ ልጄ። እውነት ለመናገር ምን ማሰብ ያስፈልጋል።»

ማሽኑ በሴት ድምፅ ጠየቀ። ምልክቱ ምንድን ነው?

«ዘለላ ጸጉር ናት። ጥቁር ናት። ትጎነጎናለች።»

የሚቆየው እስከ መቼ ነው?

«የልጅ ልጄን ይዤ መቃሙ እስክወጣ።»

ባለ ስለቱ ማነው?

ጦይባ በጥያቄው ተገረመች። በሷ አገር ይህ አይጠየቅም። ባለ ስለት ማለት የተሳለው ሰው ነው። ልጅ ስለቱን ይሸከማል፤ ያደገው በሱ ነው፤ ስለቱ ግን የእናቱ ነው። ከሰፈሯ የትኛዋም እናት ብትጠየቅ የምትመልሰው አንድ ነበር።

«እኔ ነኛ» አለች። «ማን ሊሆን ነው ሌላ?»

ቤዛዊት ቀና አለች። አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈት አደረገች፤ ማሽኑ ግን ቀደማት። ጥያቄዎ ተቀባይነት አግኝቷል አለ። አረንጓዴ አበራ። ጦይባ ተነስታ የልጅቱን ግንባር ሳመች።

በማግስቱ ጠዋት መስታወቱን ወልውለው ሲጨርሱ አጸደ ቀድማ ቆመች፤ አረንጓዴ ሆነላትና ገባች። ጦይባ ቆመች። ቀይ ሆነ። «ምልክትሽን አሳዪ» የሚል ጽሑፍ መጣ። ጦይባ በጣቷ እየተከተለች ደግማ አነበበችው።

«የምን ምልክት?» አለች።

አጸደ ከማዶ ተመለከተቻት። «ምን ይላል?»

«ምልክትሽን አሳዪ ይላል። የጸጉር ዘለላ ይላል።»

«የማን ጸጉር?»

ጦይባ ያን ጊዜ ገባት። ስለቱ የተመዘገበው በሷ ስም ነው። ግን ከኋላዋ ሰው መሰለፍ ጀምሮ ነበርና ከሻሿ ሥር ጣቷን ሰደደችና ከጆሮዋ አጠገብ አንድ የራሷን ዘለላ ጎትታ አወጣች። ጽሑፉ ተቀየረ። «ጸጉርሽ ታይቷል። መሸፈኛ አስተካክይ።» ዘለላዋን መልሳ ከተተች። «ምልክትሽን አሳዪ።» አወጣች። «መሸፈኛ አስተካክይ።»

«እትዬ፣ ውስጥ ግቢ ወይ ውጭ ውጪ» አለ ከኋላዋ አንድ ወጣት።

«እኔን ነው? እኔማ በሁለቱም እየሞከርኩ ነው» አለች ጦይባ።

ሰልፉ ሳቀ። እሷም ትንሽ ሳቀች፤ ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ፈረቃው ሁሉ በፊቷ አለፈ። ሙሐባውም ያን ቀን ከነጩ ክፍል በር እንደ ልማዱ በቀይ ተመለሰ፤ ፈቃዱ ለሱ አልነበረማ።

ቤዛዊት አግዳሚው ላይ ስታያት ፊቷን በእጇ ያዘች።

«ትናንት ልነግርዎ ነበር» አለች። «እኔ ነኝ ሲሉ ልቤ አውቆት ነበር።»

«በይ አስተካክይው ልጄ። የልጄ ነው በይው። ምን ችግር አለ?»

«እትዬ ጦይባ፣ አንድ ስለት ለአንድ ሰው ነው። ከእርስዎ ወደሱ ለማዛወር ወደ ማዕከል ነው የሚሄደው፤ የበጋው ማመልከቻ እንኳ ገና አልታየም። ከወሩ መጨረሻ በፊት አይደርስም። እንዲሁ እንሰርዘው ካልን ደግሞ...» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሐሰተኛ እምነት ማቅረብ ይባላል። ያስባርራል። የቤተሰብ ስምም አብሮ ይመዘገባል፤ ሙሐባውንም ይነካዋል።»

«ሐሰተኛ» አለች ጦይባ ቀስ ብላ። «እኔ ምኑን ዋሸሁ?»

«አልዋሹም። እሱ ነው ችግሩ። እርስዎ ባለ ስለት ነዎት፤ ማሽኑም ባለ ስለት ነሽ አለ። አሁን የሚፈልገው እንደ ባለ ስለት ሆነው እንዲመጡ ነው።»

ጦይባ ልጅቱን አየቻት። ልትቆጣት ፈልጋ ቁጣውን አጣችው። የጆሮዋን ትንሽ ቀዳዳ አየች።

ማምሻውን እናትና ልጅ ጎን ለጎን ወደ ቤት ሄዱ። ሙሐባው ሲያስል ቆም ይላል፤ ጦይባም አብራው ትቆማለች፤ ከዚያ እንደገና ይሄዳሉ።

«እማ» አለ። «እኔ እቆርጣታለሁ።»

«አትናገር።»

«የወሩ መጨረሻ እኮ ደረሰ። ሜዳው ላይ ከቀረሁ የሚሆነውን ታውቂዋለሽ። ሜዳው ላይ የነበሩት እነ ከማል ምን ሆኑ? ደረታቸው...»

«አትናገር አልኩህ።»

«አንቺ የፈራሽው ስቆርጣት እንዳልሞት ነው። እኔ ደግሞ ሳልቆርጣት እየሞትኩ ነው።»

ጦይባ ቆመች። ሲሚንቶው ላይ ነበሩ፤ ከሥራቸው ወንዙ ሲሄድ በትንሹ ይሰማል።

«ይህን ያህል ዓመት ምንም አላልኩሽም» አለ ሙሐባው፤ አልጮኸም። «ትምህርት ቤት ሲጎትቱኝ ምንም አላልኩም። የወደድኳት ልጅ ይሄ ምንድን ነው ብላ ስትተወኝ ምንም አላልኩም። አንቺ እንድትተኚ ብዬ ነው የያዝኳት። አንቺ ግን ይዣትም አልተኛሽም።»

ይህን ከየት አመጣው ብላ ገረማት፤ ልጇ ማታ ማታ የምትጠብቀውን መጠበቅ እንደሚያውቅ አታውቅም ነበር። ልትመልስለት ብዙ ነገር ነበራት። ስም ሳይወጣላቸው የሄዱትን ልትነግረው ፈለገች፤ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ነግራዋለች።

«ተራመድ» አለችው። «አየሩ ይቀዘቅዝብሃል።»

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት ጦይባ አግዳሚው ላይ ነው ያሳለፈቻቸው። መስታወቱን ትወለውላለች፤ ራሷ አልፋ መግባት ግን አትችልም። አጸደ ውስጡን ብቻዋን እየጠረገች፣ ምሳ ሰዓት ላይ በሩ ድረስ እየመጣች ታያታለች።

«አንቺ፣ ረቡዕ ሳልጠጣ ዋልኩ» አለቻት አንድ ቀን። «እስልምናሽን ውጭ ትተሽብኝ።»

«ለአንቺ የሚተርፍ እስልምና አልቀረኝም፤ ለጨጓራሽ እንዲህ በይው።»

«የእውነቴን ነው። ምን አሰብሽ?»

ጦይባ ዓይኗን ወደ ሰልፉ መለሰች። ከመስታወቱ ፊት ትቀመጥና የተመለሱትን ሰዎች ታያለች። ማዕተቡን ረስቶ የመጣ ሽማግሌ ሲዋከብ፣ አንዲት ልጅ ጓደኛዋ ያዋሰቻትን ሻሽ ለብሳ ስታልፍ። ልጅቷ ያለፈችው በሰው ሻሽ ነበር። መስታወቱ ሻሹ የማን እንደሆነ አልጠየቃትም። ያን ቀን ጦይባ ወደ ቤት ስትሄድ የልጇን ማጅራት ደጋግማ ታይ ነበር፤ ሙሐባውም ልብ አለው።

የመጨረሻው ጠዋት አዛኑ ጆሮዋ ውስጥ ሲጀምር ቀድማ ነቅታ ነበር። ሰገደች። ከዚያ ሙሐባውን ጠርታ ዝቅ ባለችው ዱካ ላይ ፊቱን ወደ በሩ አድርጋ አስቀመጠችው። ኮሌታውን ገለጠች። ዘለላዋን በወይራ ዘይት አሸቻት፤ ጎነጎነቻት፤ ከላይም ከታችም በክር አሰረቻት። መቀሱን ሁለት ጊዜ አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው።

«እማ፣ እኔ ልሥራው?»

«አንተ አትንካት። የአንተ አይደለችም።»

ሙሐባው ዞር ብሎ ሊያያት ሞከረ፤ በእጇ መለሰችው።

«አያ ሱሩር» አለች ከጀርባው፣ ሰው እንደምታናግር። «እኔ ነኝ ጦይባ። ዘለላዋ ከራሱ ላይ ትውረድ እንጂ ስለቱ አልወረደም። ባለ ስለቷ ማናት ብለው ጠየቁኝ፤ እኔ ነኝ ብያለሁ። አልዋሸሁም። እንግዲህ እኔው ልሸከማት። የሚመጣ ነገር ካለ አድራሻው እኔ ነኝ፤ እሱን አይድረሱበት።»

ቆረጠች። ድምፁ ትንሽ ነበር። ሙሐባው አንገቱን ወዲያና ወዲህ አዞረ፤ ከዚያ ማጅራቱን በእጁ ዳበሰና እጁን እዚያው አቆየው። ዘለላዋ የነበረችበት ቆዳ ፀሐይ አይቶ ስለማያውቅ ከሌላው የነጣ ነበር፤ የአራስ ልጅ ገላ ይመስላል። ጦይባ አየችውና ፊቷን አዞረች።

«ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ እማ።»

«ራስህን አያምህም?»

«ምንም አላመመኝም።»

«እሺ። ቁርስህን ብላ።»

ፋብሪካው በር ላይ፣ ሰው ከመምጣቱ በፊት፣ አጸደ አግዳሚው ላይ አስቀምጣት ሻሿን ወደ ኋላ ሳብ አደረገች። አጸደ በልጅነቷ የሰፈሩን ሙሽራ ሁሉ ሹሩባ የሠራች ናት። የልጁን ዘለላ ከጦይባ ጆሮ በላይ ካለው ሽበት ጋር አያይዛ መጎንጎን ጀመረች።

«ቀጥ በይ። ይሄ ሽበት እንደ ዓሣ ያዳልጣል።»

«ከሥሩ አጥብቂው።»

«የሰው ጸጉር መቀጠል በናንተ ሐራም አይደለም እንዴ? ሰምቻለሁ።»

«ነው።»

«እና?»

«እናማ ምን ላድርግ። አላህ ያያል። የማጌጥ ይመስልሻል? ጨርሺ።»

አጸደ ሳቀች፤ ከዚያ ጣቷን አቆመች። «ጥቁርነቷ» አለች ቀስ ብላ። «ምን ዓይነት ጸጉር ነው። እንዴት ይዘሽ ነው ያቆየሽው?» አጸደ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ሻሹን ወደ ፊት መልሳ፣ የጦይባን ጸጉር ሁሉ ሸፍና፣ ያቺን አንዲት ጥቁር ሹሩባ ብቻ ከሻሹ ጠርዝ ወደ ጉንጯ አወረደቻት።

መስታወቱን ወለወሉት። ከዚያ ጦይባ ቆመች።

ቀይም አረንጓዴም ሳይሆን ቆየ። እንዲህ ሲያደርግ አይታው አታውቅም። ራሷን አየች። ዓይኗ ሥር ያበጠ፣ ቆዳዋ የረገበ አንዲት ሴት፤ በጉንጯ ላይ የወጣት ወንድ ልጅ ጸጉር። ሻሿ ቦታው ላይ ነው፤ ከሷ ምንም አይታይም። ከኋላዋ አጸደ ተራዋን ቆማለች። ጦይባ ቢስሚላህ አለች በልቧ፤ ሁለተኛ አላለችም፤ ድካሙ ከልመናው በለጠባት።

አረንጓዴ አበራ። «ትክክል» አለ። «ግቢ።»

«ትክክል አለሽ» አለች አጸደ።

«አነበብኩት።»

ገባች። ማንም እንኳን ደስ አለሽ አላላትም፤ ማንም አላወቀም። አንዳንዶቹ ግን አዩዋት። ከማሸጊያው ክፍል የመጡ ሁለት ወጣት ሙስሊም ሴቶች ቆም ብለው ጉንጯን ተመለከቱ።

«እናታችን፣ ጸጉርዎ ወጥቷል» አለች አንዷ በአክብሮት።

«የእኔ አይደለም ልጄ» አለች ጦይባ። «የልጄ ነው።»

ሴቶቹ ተያዩ። ነገ ሌላ ሰው ይጠይቃታል፤ ከነገ ወዲያም። የልጅ ልጅ ይዛ መቃሙ እስክትወጣ ድረስ ይህንኑ ስትመልስ ትኖራለች። መቃሙ ራሱ በአጥር ታጥሮ ከተዘጋ ሰንብቷል ይባላል፤ ስለዚያ ዛሬ አታስብም።

ሙሐባው በነጩ ክፍል በር እንዳለፈ የሰማችው ከሌላ ሰው ነው፤ የሜዳው ልጆች ወሬውን ይዘው መጡ። መጥረጊያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ በኮሪደሩ ሄደች። ነጩ ክፍል በኮሪደሩ በኩል ወፍራም የመስታወት ግድግዳ አለው፤ ድምፅ አያሳልፍም። ቆመችና አየች።

ውስጥ ያሉት ሁሉ ከእግር እስከ ራስ ነጭ ለብሰዋል። ራሳቸው በነጭ ቆብ ተጠቅልሏል፤ አፍና አፍንጫቸው ተሸፍኗል፤ አንገታቸው እንኳ አይታይም። ማዕተብ የለ፣ ሒጃብ የለ፣ ጺም የለ፣ ማጅራት የለ። የማንም ጸጉር አይታይም። ጦይባ ይህን ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ፈጀባት። እዚያ ውስጥ ዘለላዋ ብትኖርም ባትኖርም የሚያያት አልነበረም።

ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደገፈች፤ ጉም እንደሚያደርግበት እያወቀች። ልጇን ፈለገችው። በቁመት ሞከረች፤ ብዙዎቹ ቁመታቸው አንድ ነው። በአካሄድ ሞከረች፤ ልብሱ ሁሉንም አንድ ዓይነት ያስኬዳቸዋል። ጆሮዋን አስጠጋች፤ ከዚያ በኩል ምንም አይሰማም። ይህን ያህል ሌሊት በጨለማ ሲያስል ከሰው ሁሉ ለይታ የምታውቀውን ልጅ በብርሃን አጣችው።

ከነጮቹ አንዱ ቀና አለና ወደ መስታወቱ ተመለከተ። ጦይባ ሹሩባዋን በጣቷ ወደ ፊት አመጣቻት፤ እንዲያውቃት። ነጩ ሰው እጁን አነሳ። እሱ ይሁን ሌላ የሰው ልጅ ማወቅ አልቻለችም። እሷም እጇን አነሳችለት። ከዚያ በልብሷ እጀታ ጉሙን ጠረገችና ወደ መጥረጊያዋ ተመለሰች።